መጽሐፉ አለ፣ ኮምፒውተሩ ግን የለም ይላል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወደ ጠረጴዛዬ ቀርባ «ፍቅር እስከ መቃብር የላችሁም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ አስደነገጠኝ። ከጀርባዋ ባለው መደርደሪያ ላይ አምስት ቅጂ ቆሟል፤ አንደኛው ከመነበብ ብዛት ጥራዙ ለቅቆ በክር ተሰፍቷል። አብረን ወደ ኮምፒውተሩ ሄደን የጻፈችውን አየሁት። የፈለገችው በደራሲው ስም ነው፤ «ሀዲስ አለማየሁ» ብላ ጽፋለች። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ደግሞ «ሐዲስ ዓለማየሁ» ነው። ጮክ ብለን ብናነበው ለእኔም ለእሷም አንድ ስም ነው። ለማሽኑ ግን «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዓ» የ«በ» እና የ«ገ» ያህል የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ «ምንም አልተገኘም» አላት፤ እሷም አመነችው።

እኔን የሚያሳስበኝ ማመኗ ነው። ሰው ሲሳሳት ተጠይቆ ይታረማል። ማሽን «የለም» ሲል ግን የሚጠራጠረው ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በዓለም ዙሪያ ከሥሩ እየተለወጠ ባለበት ሰዓት፣ ለውጡ ምን እንደሆነና የአማርኛ መጽሐፍ በዚህ ውስጥ የት እንደሚወድቅ ማወቅ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከመሳቢያው እንነሣ

ካታሎግ ቤተ መጻሕፍት ስላለው ነገር ለአንባቢው የሚሰጠው ቃል ነው። ይህ መጽሐፍ አለኝ፤ የጻፈው እገሌ ነው፤ የሚናገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው፤ የተቀመጠውም እዚህ ጋ ነው ይላል። ዕድሜው ከፍ ያለ አንባቢ የእንጨት መሳቢያዎቹን ያስታውሳል። ካርዱ 7.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከግርጌው በኩል ቀዳዳ አለው፤ ማንም መዝዞ እንዳያጠፋው በቀዳዳው ውስጥ የብረት ዘንግ ያልፍበታል። ለአንድ መጽሐፍ ቢያንስ ሦስት ካርድ ይጻፋል። አንዱ በደራሲው ስም፣ አንዱ በርዕሱ፣ አንዱ በጉዳዩ። ምክንያቱም አንባቢው በየትኛው በር እንደሚገባ አይታወቅም። አንዱ ደራሲውን ያውቃል፤ ሌላው ርዕሱን ብቻ ሰምቷል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አያውቅም፣ «ስለ ንብ ማነብ ምን አላችሁ?» ብሎ ነው የሚመጣው።

በካርዱ ግራ ጫፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር መጽሐፉ ከመደርደሪያው የት እንደቆመ ይናገራል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት የሜልቪል ዲዊ አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ1876 የታተመ ነው። በእሱ መሠረት የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። የአማርኛ ቋንቋ 492.87 ላይ፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር በአንድ ሰፈር ይቀመጣል። ኦሮምኛ ግን 493.55 ነው፤ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር። ታዲያ የአማርኛ–ኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ሲመጣ የት ይቁም? መጽሐፍ እንደ ሰው ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መቆም አይችልም። አንድ ባለሙያ ወስኖ ከአንዱ ጋር ያቆመዋል፤ በሌላው በኩል የሚመጣ አንባቢ ያጣዋል። የዲጂታል ካታሎግ የመጀመሪያው በረከት ይኼ ነው። መጽሐፉ ቆሞ የሚውለው አንድ ቦታ ቢሆንም መዝገቡ በፈለግነው በር ሁሉ ይገኛል።

ካርዱ ወደ ማሽን የገባበትን መንገድ የቀየሱት በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩ ሄንሪየት አቭራም የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «ማርክ» የተባለውን የመዝገብ ቅርጽ ሠሩ። የገጠማቸው ችግር ቀላል ይመስላል። ሰው ካርድ ሲያይ የደራሲው ስም የት እንዳለቀና ርዕሱ የት እንደጀመረ በዓይኑ ይለያል፤ ማሽን ግን አይለይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነገር ቁጥር ያለው ሳጥን አበጁለት። ደራሲው 100 ውስጥ ይገባል፤ ርዕሱ 245 ውስጥ፤ የገጹ ብዛትና የመጽሐፉ ቁመት 300 ውስጥ፤ ጉዳዩ 650 ውስጥ። ይህ ቅርጽ ዛሬም አልሞተም። በኢንተርኔት የምንፈልግባቸው እጅግ ብዙ የቤተ መጻሕፍት ካታሎጎች ከበስተኋላቸው ያለው ይኸው ነው።

ማርክ የባለሙያውንም የዕለት ሥራ ለወጠው። አንድ ቤተ መጻሕፍት አንድ ጊዜ የሠራውን መዝገብ ሌላው ገልብጦ መውሰድ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በኮሌጆች ኅብረት የተቋቋመው ኦሲኤልሲ የዚህ መጋራት ማእከል ሆነ። ይኸው ድርጅት ለቤተ መጻሕፍት ካርድ አትሞ ይሸጥም ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ካርዶች ያተመው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2015 ነው። የወረቀቱ ካርድ ይህን ያህል ቆይቷል።

ከጽሑፍ ወደ ዝምድና

ካርዱ ከእንጨት መሳቢያ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር መልኩን አልለወጠም። ለረጅም ጊዜ የዲጂታል ካታሎግ ማለት በመስታወት ላይ የሚታይ ካርድ ማለት ነበር። አሁን እየተለወጠ ያለው እሱ ነው።

የአጻጻፉ ደንብ ቀድሞ ተለወጠ። በቀድሞው ደንብ አንድ መጽሐፍ ከሦስት በላይ ደራሲዎች ካሉት የመጀመሪያው ብቻ ተጠቅሶ የቀሩት «እና ሌሎች» ተብለው ይታለፉ ነበር፤ ካርዱ ጠባብ ስለሆነ። «ገጽ»ም በምኅጻረ ቃል ነበር የሚጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውና የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከመጋቢት ወር 2013 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት «አርዲኤ» የተባለው ደንብ ይህን አነሣ። አሁን የሁሉንም ስም መጻፍ ይቻላል። እንደ እኛ የጉባኤ ጽሑፎችና የድርሰት መድበሎች በብዛት ለሚታተሙበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በ«እና ሌሎች» ስር ተቀብሮ የቀረው ጸሐፊ ስንት ነው!

ሁለተኛው ለውጥ ጠለቅ ይላል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንል ስለ ምን እያወራን ነው? አንደኛ፣ ሀዲስ ዓለማየሁ የፈጠሩት ድርሰት አለ፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚኖሩበት፣ እጅ የማይጨብጠው። ሁለተኛ፣ ድርሰቱ የተገለጠበት መልክ አለ። የአማርኛው ጽሑፍ አንድ መልክ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው ሌላ መልክ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ደግሞ ሦስተኛ መልክ ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መልክ የታተመበት ወይም የተቀዳበት እትም አለ፤ የ1958 ዓ.ም. እትም፣ ከዚያ በኋላ የወጡት፣ የትረካው ካሴት። አራተኛ፣ ያ በክር የተሰፋው የእኛ ቅጂ አለ።

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ይህን አራት ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሰነድ አስቀመጠው። አሮጌው ካታሎግ አራቱን ሁሉ በአንድ ካርድ ላይ ጨፍልቆ ይጽፋል። ስለዚህ የትረካው ካሴት መዝገብና የመጽሐፉ መዝገብ እንደማይተዋወቁ ባዳዎች ተራርቀው ይኖራሉ። አዲሱ አሠራር ድርሰቱን አንድ ጊዜ ይመዘግብና የቀሩትን በዝምድና ያያይዝበታል። ይህ የዚህ እትም፣ ያ የዚያ ትርጉም፣ ያኛው የዚህ ንባብ ነው ይላል። ማየት የተሳነው አንባቢ ርዕሱን ሲጽፍ ትረካው አብሮ ይመጣለታል። ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ደስ የሚለኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ስምን ይመለከታል። በአሮጌው ካታሎግ ደራሲ ማለት ፊደላት ናቸው። በአዲሱ ደራሲ ማለት አንድ መለያ ቁጥር የተሰጠው ሰው ነው፤ ስሞቹ ሁሉ በዚያ ቁጥር ስር ይሰበሰባሉ። የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትን የስም መዝገቦች የሚያገናኘው «ቪያፍ» እና ማንም ሊያርመው የሚችለው የመረጃ ቋት ዊኪዳታ የሚሠሩት እንደዚህ ነው። በዚህ አሠራር «ሀዲስ»ም ተጻፈ «ሐዲስ»፣ በላቲን ፊደልም ተጻፈ በዕብራይስጥ፣ ሁሉም ወደ አንድ ሰው ያመራሉ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማርክን የሚተካ «ቢብፍሬም» የተባለ አዲስ ቅርጽ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሲያዘጋጅ የቆየውም መዝገቡን ከተዘጋ ካርድ አውጥቶ እንደዚህ ባለ የዝምድና መረብ ውስጥ ለማስገባት ነው።

ማሽኑ ሲሠራ እኛ አልነበርንም

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ያምራል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሲታነጽ በአናጺዎቹ ሐሳብ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ በላቲን ፊደል የታተመ፣ ደራሲው የቤተሰብ ስም ያለው፣ ዓመቱም በግሪጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። የእኛ መጽሐፍ በሦስቱም ይወድቃል። በክፋት የተደረገ ነው አልልም። ውጤቱ ግን ያው ነው።

ከፊደሉ ልጀምር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሰንጠረዥ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ነው። ማርክ ቀድሞ በሚጠቀምበት የፊደል ስብስብ ውስጥ ቻይንኛ፣ ዐረብኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ሩስያኛ ነበሩ፤ ግዕዝ አልነበረም። ስለዚህ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በከፈተው የናይሮቢ ቢሮው በኩል የሚሰበስባቸው የአማርኛ መጻሕፍት ርዕሳቸው ሁሉ ወደ ላቲን ፊደል እየተገለበጠ ተመዘገበ። ለዚህ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አለ። ሰንጠረዡ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ «ሀ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን እንኳን በልዩ ምልክት ይለያቸዋል። ችግሩ ሰንጠረዡን የሚያውቀው ባለሙያው ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ዋሽንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ፍቅር»ን በስልኩ በላቲን ሲጽፍ ሳድሱን «አይ» (i) በምንላት ፊደል፣ «ቅ»ን ደግሞ በ«ኬ» (k) ይጽፋል። ሰንጠረዡ ግን ሳድሱን በ«ኢ» (e)፣ «ቅ»ን በ«ኪው» (q) ይጽፋል። የራሱን ቋንቋ መጽሐፍ ለማግኘት ሌላ ሰው ለቋንቋው ያወጣለትን አጻጻፍ መማር አለበት። ዛሬ የግዕዙን ፊደል በላቲኑ ጎን ማስፈር ይቻላል። ቢሆንም ቀደም ባሉት ዓመታት ከተሠሩት መዝገቦች ብዙዎቹ እንደነበሩ ናቸው፤ ማንም ተመልሶ ፊደላቸውን አልሰጣቸውም።

ስሙ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ አባትየው ደራሲ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካታሎግ ደንብ ይህን በትክክል ያውቃል። የኢትዮጵያዊ ስም በራሱ ስም ይጀምር፣ አይገልበጥ ይላል። ሶፍትዌሩና መረጃ የሚያስገባው ሰው ግን ደንቡን አያነቡም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለ፤ መሞላት አለበት፤ የአባት ስም ይገባበታል። እንዲህ ሲደረግ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ኃይሌ» ስር ይገባሉ፤ አባታቸው ኃይሌ የተባለ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ጋር እንደ ወንድምና እህት ተሰልፎ ይገኛል። በውጭ አገር የሚኖሩና የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም የሚጠቀሙ ጸሐፊዎች ደግሞ አሉ፤ እነሱ ራሳቸው በመረጡት መጻፍ አለባቸው። ስለዚህ አንድ ሕግ አውጥቶ ማሽኑን መልቀቅ አይቻልም። ሰውየው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ዓመቱም እንደዚሁ። በመጽሐፉ ላይ 1958 ተብሎ ታትሟል። ይህን ሳይመረምር የሚያስገባ ሰው መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። ትክክለኛው አሠራር የታተመውን እንዳለ ጽፎ ጎኑ 1965 ወይም 1966 ብሎ ማከል ነው፤ ዓመታችን መስከረም ላይ ስለሚገባ በሁለት የእነሱ ዓመት ላይ ይረግጣልና። ወሩ ከታወቀ ጥርጣሬው ይጠፋል። ይህን ያልተረዱ መዝገቦች አንድ እትም ሁለት እትም መስሎ እንዲታይ አድርገዋል፤ አንድ ተመራማሪ የሌለውን «የመጀመሪያ እትም» ሲያሳድድ ሊከርም ይችላል።

ወደ ተማሪዋ ልመለስ። «ሀዲስ» የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። «ዓለማየሁ» በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ ሊጀምር ይችላል፤ አራት። ሁለቱን የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ብንቆጥር ስሙ በ24 መንገድ ይጻፋል። የ«ስ»ን ሁለት መልክና የመጨረሻዋን «ሁ» ሦስት መልክ ብናስገባ 144 ይደርሳል። አብዛኞቹን ማንም አይጽፋቸውም። ግን አራት አምስቱ በየመጽሐፉ ሽፋን፣ በየጋዜጣው፣ በየተማሪው ማስታወሻ ላይ አሉ።

መፍትሔው ምን ይሁን? አንዳንድ ሰው «ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል እንመልሰውና እንገላገል» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ካታሎግ የመጽሐፉ ምስክር ነው፤ ምስክር ያየውን እንጂ የተስማማውን አይናገርም። ርዕሱ በ«ሠ» ከታተመ በ«ሠ» መመዝገብ አለበት። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ። «ሰረቀ» ማለት ግን የሌላ ሰው ንብረት ወሰደ ማለት ነው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ ነው። ይህን ልዩነት ከመዝገቡ ማጥፋት የመጽሐፉን ቃል ማጥፋት ነው።

የሚበጀው የሚታየውንና የሚፈለገውን መለየት ነው። መዝገቡ እንደታተመ ይቆያል፤ ለዓይን የሚታየው እሱ ነው። ከበስተጀርባ ግን ማሽኑ ለፍለጋ በሚያዘጋጀው ማውጫ ውስጥ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» አጥፎ ያስቀምጣል። አንባቢው የሚጽፈውም ቃል ወደ ማውጫው ከመድረሱ በፊት እንደዚሁ ይታጠፋል። ያን ጊዜ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህ ለአንድ የኮምፒውተር ባለሙያ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ በአንድ ትንሽ የገጠር ቤተ መጻሕፍት የተጀመረውና ማንም በነፃ የሚጠቀምበት «ኮሃ» የተባለ ሶፍትዌር ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ማስተካከያ ለመጨመር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በምሠራበት ቤት ይህን ካስተካከልን ወዲህ «የላችሁም ወይ?» ብሎ የሚመጣው ሰው በግልጽ ቀንሷል።

ጉዳዩን የሚሰይመው ማን ነው?

መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ የሚገልጸው ቃል ከቁጥርና ከፊደል ይልቅ የሰው እጅ የሚታይበት ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ቃላቱን የሚወስዱት ከአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ነው፤ እኛም አገር እንዲሁ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለፈቃድ የሚኖሩ ስደተኞች ለረጅም ጊዜ «ሕገ ወጥ ባዕዳን» ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተማሪዎች ቃሉ ይነሣ ብለው ተነሡ። ቤተ መጻሕፍቱ በ2016 ሊለውጠው ሲወስን የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ገቡበት። የተለወጠው በ2021 መጨረሻ ነው። አንድ የካታሎግ ቃል ምክር ቤት ድረስ ያከራከረው በሺህ በሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ጊዜ ስለሚታይ ነው። ዝርዝሩን አንዱ ይጽፈዋል፤ ዓለም ይገለብጠዋል።

የእኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ስማችን ክፉ ከመሆኑ ይልቅ አለመኖሩ ይብሳል። ስለ ዕድር በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ «የመረዳጃ ማኅበራት» ተብሎ ይመዘገባል። «ዕድር» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ፣ ቃሉ በርዕሱ ላይ ከሌለ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ዕቁብ፣ ጠበል፣ ሽምግልና፣ ቅኔ እንዲሁ ናቸው። መዝገቡ የእኛን ቃል ከእንግሊዝኛው ጎን እንዳይዝ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ወረቀቱ ካርድ ላይ ቦታ ያልነበረው ነገር ዛሬ ቦታ አለው።

ብራናው፣ ማይክሮፊልሙ፣ ሰርቨሩ

በካታሎግ ሥራ እኛ እንግዳ አይደለንም። በገዳማትና በአድባራት የዕቃ ቤቱ መጻሕፍት ዝርዝር በራሱ በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ወንጌል ላይ የተጻፈን ማንም አይፍቅም ተብሎ ስለሚታመን። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዝርዝር ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ የተጀመረ አንድ ሥራ ደግሞ የገዳማትንና የግለሰቦችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ያዘ፤ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሡ። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤት ተቀመጠ። ፊልም ብቻውን ግን የተዘጋ ሣጥን ነው። ያን ሣጥን የከፈቱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ከዊልያም ማኮምበር ጋርና ለብቻቸው ባዘጋጁዋቸው የካታሎግ ጥራዞች እያንዳንዱን ብራና ገልጠው ጻፉ። አንድ ብራና አንድ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ድርሰቶች ተከታትለው ይገኙበታል፤ በኅዳጉ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የውርስ ቃል፣ የአንድ ዘመን ረኃብ ማስታወሻ ይኖራል። እነዚያ የኅዳግ ጽሑፎች ባይመዘገቡ ኖሮ የታሪክ ጸሐፊ በምን ያገኛቸው ነበር? ዛሬ ከፊልሙ ብዙው በኢንተርኔት ይታያል። አንባቢው ወደ ገጹ የሚደርሰው ግን አሁንም እሳቸው በጻፉት መግለጫ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል የግዕዝ ስም የተሰየመ የረጅም ዘመን ሥራ እየተካሄደ ነው። ቀደም ሲል የገለጽኩት የዝምድና አሠራር ለብራናዎቻችን ሲውል ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ እሱን ይመልከት። ድርሰቱ፣ ብራናው፣ ሰውየው፣ ቦታው ሁሉም የየራሳቸው መለያ አላቸው። ጸሐፊው አንድ ገዳም ውስጥ ጽፎ ሌላ ገዳም ውስጥ ከተገኘ ሁለቱም ይያያዛሉ። ለንደን ያለ ብራናና ጎንደር የቀረ ወንድሙ ቢያንስ በካታሎግ ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ለንደንን ካነሣሁ አይቀር፣ ሁሉን በማሽን ላይ ማኖር የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2023 መጨረሻ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በኮምፒውተር ዘራፊዎች ተመትቶ ካታሎጉ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። ዋናው ካታሎግ፣ ለመፈለግ ብቻ በሚያገለግል መልክ፣ የተመለሰው በጥር ወር 2024 አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ያሉት እዚያ ነው። መጻሕፍቱ ከመደርደሪያቸው ንቅንቅ አላሉም፤ መዝገቡ ሲጠፋ ግን እንደሌሉ ሆኑ። ዊልያም ራይት በ1877 ያሳተመው ካታሎግ ቅጂ ያለው ሰው ብቻ በዚያ ወቅት ምን እንዳለ በእጁ ማየት ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ የመዝገባችንን ቅጂ በየወሩ ከኔትዎርክ ውጭ ባለ ዲስክ ላይ አስቀምጣለሁ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ?

ይጠይቁኛል፤ ማሽኑ ራሱ መጽሐፉን አንብቦ ካታሎግ አይሠራም ወይ? በከፊል እየሠራ ነው። የፊንላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «አኒፍ» የተባለ ነፃ ሶፍትዌር አዘጋጅቷል፤ ጽሑፍ ሲሰጡት የጉዳይ ቃላት ይጠቁማል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መሰል ሙከራ እያደረገ ነው። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በሺህ በሺህ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ በእጅ ብቻ የሚዘለቅ አይደለም።

እንዲህ ያለው ማሽን የሚማረው ግን ቀድሞ ሰዎች ከሠሩት መዝገብ ነው። የፊንላንዱ በደንብ የሚሠራው ፊንላንዳውያን ለአሥርተ ዓመታት በቋንቋቸው በትጋት ስለመዘገቡ ነው። የእኛ መዝገብ በተሳሳተ ዓመትና በተገለበጠ ስም ከተሞላ ማሽኑ ስሕተቱን ተምሮ በፍጥነት ያባዛዋል። የአማርኛን የታተመ ገጽ ፎቶ ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ሶፍትዌሮች አሉ፤ በጠራ ኅትመት ላይ ደኅና ይሠራሉ፤ በአሮጌ ኅትመት ላይ «ጸ»ን ከ«ጰ» ይቀላቅላሉ። እኔ ማሽኑ ረቂቁን ያዘጋጅ፣ ሰው መጽሐፉን በእጁ ይዞ ያጽድቀው እላለሁ። አሳታሚዎችም ድርሻ አላቸው። የኅትመት ዓመት የሌለው፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ የማይናገር፣ 99944 የሚለውን የኢትዮጵያ መለያ የያዘ የመጽሐፍ ቁጥር ያላወጣ መጽሐፍ ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ጀምሮ ለመጥፋት የተዘጋጀ ነው።

ባለፈው ዓመት አሮጌ መሳቢያዎቻችን ሊወገዱ ሲሉ ካርዶቹን አንድ በአንድ ለማየት ፈቃድ ጠየቅሁ። መረጃው ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የተገለበጠው በታይፕ የተጻፈው ብቻ ነበር፤ የካርዱን ጀርባ ያየ የለም። ጀርባው ላይ ቀድሞን የነበረ ባለሙያ በቀጭን እርሳስ ብዙ ጽፏል። አንዱ ላይ «የብዕር ስም ነው። ሰውየው ራሱ መጥቶ ነግሮኛል። ሌላውን ካርድ ተመልከት» ይላል፤ ከስሩ ቀንና ፊርማ አለ። ሌላውን ካርድ ፈለግሁት፤ አገኘሁት። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለቱ ስሞች ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ሁለት ሰው ኖረዋል፤ አራት መጽሐፍ በአንዱ፣ ሦስት በሌላው። አያያዝኋቸው። በማግስቱ ጠዋት በብዕር ስሙ ፈለግሁ፤ ሰባቱም መጡ። አሁን ሦስተኛው መሳቢያ ላይ ነኝ፤ ገና ሠላሳ አንድ ይቀራሉ።